ደም ስር የሚያበቅል ከሰል

መቀመጥ አልወድም። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህማ ቤቴ የማድርበት እንጂ የምውልበት አልነበረም። አንዷ ልጄ ዴራ ናት፣ ወንዱ ኦጎልቾ፣ እህቴ ደግሞ ሲሬ። አንዱ ጋ ስሰነብት ሌላው ይናፍቀኛል። ሲሬ ለቅሶ ካለ ሲሬ ነኝ፤ ኦጎልቾ ክርስትና ካለ ኦጎልቾ ነኝ። መኪና ካገኘሁ በመኪና፣ ካጣሁ በእግሬ። አሰላ ያሉ ጎረቤቶቼ «እሷን የፈለገ ሰው ቤቷ አይሂድ፣ መንገድ ላይ ይቁም» ይላሉ። አልቀየማቸውም፤ እውነታቸውን ነው።

ስኳር እንዳለብኝ ካወቅኩ ቆይቻለሁ። ኪኒኑን እውጣለሁ፣ ሻዬን ያለ ስኳር እጠጣለሁ፤ ካስታወስኩ ማለቴ ነው። ውስጥ እግሬ መደንዘዝ ሲጀምር እርጅና ነው ብዬ ተውኩት። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። ድሮ ሩቅ ስሄድ የሚያቃጥለኝ እግር ዝም ሲልልኝ፣ ጠንክሬያለሁ አልኩ።

አንድ ቀን ከኦጎልቾ ተነስቼ ግማሹን በእግሬ፣ ግማሹን በመኪና አድርጌ ዴራ ልጄ ቤት ገባሁ። ልጄ እግሬን ልታጥበኝ ጫማዬን ስታወልቅ አንድ ጠጠር ዱብ አለ። የባቄላ ፍሬ ያህላል። ካልሲዬ በደም ርሷል።

«ይሄን ይዘሽ ነው የመጣሽው?» አለችኝ።

ጠጠሩን አነሳሁና መዳፌ ላይ አገላበጥኩት። የት እንደገባብኝ አላውቅም። ያን ሁሉ መንገድ አብሮኝ ሲሄድ አንዴም አልተሰማኝም። የደነገጥኩት ከደሙ ይልቅ በዚህ ነው።

አሰላ የሚያየኝ ሐኪም ልጅ እግር ነው፣ ከሰሜን አገር ተመድቦ የመጣ። የአሰላ ብርድ አልለመደውም፤ ከነጭ ጋውኑ ሥር ሹራብ ደርቦ ነው የሚውለው። ቁስሉን አየና ትቶት የእግሬን ጀርባ በሁለት ጣቱ ዳሰሰ። ዓይኑን ጨፈነ።

«ምን ታዳምጣለህ ልጄ?»

«የደም ትርታዎን እየፈለግኩ ነው እማማ።»

«አገኘኸው?»

«ትንሽ። በጣም ትንሽ።»

ከዚያ ወንበሩን ስቦ ቁጭ አለና ነገረኝ። ቁስል የሚድነው ደም ሲደርሰው ነው። እኔ ጋ ደም የሚሄድባቸው መንገዶች ጠበዋል፤ ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው እግሬ እንደተራበ ነው። ኪኒኑ ይስተካከላል፣ ቁስሉ በየጊዜው ይጠረጋል፤ የእኔ ድርሻ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ፣ አለመርገጥ።

«ለስንት ቀን?» አልኩት።

«በቀን አይደለም እማማ። እስኪድን።»

«ባይድንስ?»

ትንሿን ጣት ላጣት እንደምችል ነገረኝ። ከዚያ ካለፈ ደግሞ ብሎ እጁን ቁርጭምጭሚቴ ላይ አሳረፈ። የቀረውን እኔው ጨረስኩት። በእኔ ዕድሜ ሞት ጎረቤት ነው፣ ሲመጣ ይመጣል። እግሬ ተቆርጦ ቤት መቀመጥን ግን አስቤው አላውቅም ነበር። እኔ እንኳን ያለ እግር፣ ያለ ጫማም አስቤ አላውቅ።

ከግድግዳዬ ወዲያ ያለችው ጎረቤቴ የአርሲ ኦሮሞ ናት። እሷ ለጾሟ ስታፈጥር እኔ እጠራለሁ፣ እኔ ለፋሲካ ስፈታ እሷ ትጠራለች። አማርኛዋ ከኦሮምኛው ጋር እየተቀላቀለ ነው የሚወጣው፤ እኔም ኦሮምኛዬ እንደዚያው ነው። እናቴ እንደማለት «አዴ ኮ» ነው የምትለኝ። እግሬ በፋሻ ተጠቅልሎ ስታየኝ ከበሩ ላይ ቆመች።

«አዴ ኮ፣ ጎማሽ ተነፈሰ ማለት ነው? ጎሚስታ ጋ እንውሰድሽ?»

«ጎሚስታውስ አየው። ከነቸርኬው ይወልቃል እያለኝ ነው።»

ሳቋ ጠፋ። ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች።

የዴራዋ ልጄ ልጅ አዳማ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ምን እንደምትማር ሰው ሲጠይቀኝ «ትልቅ ነገር ነው» ብዬ ነበር የማልፈው። ቅዳሜ ልትጠይቀኝ መጣች። ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ነገርኳት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝና፣

«እቴቴ፣ እኔ የምሠራውኮ ይሄንኑ ነው» አለች።

«እግር?»

«ደም ስር። አዲስ ደም ስር እንዲበቅል የሚያደርግ ነገር።»

የገብስ ጭድ ከውኃ ጋር በደንብ የተደፈነ የብረት ዕቃ ውስጥ ይከታሉ አለች፤ ሲሞቅ፣ ሲሞቅ ይከስላል። «ከሰል በይው። ግን በዓይን አይታይም። አንዷን የጤፍ ፍሬ ሺህ ቦታ ከፍለሽ፣ ከዚያ አንዷን ብናኝ አንስተሽ እንደገና ሺህ ቦታ ብትከፍያት እሷን ታክላለች። እንደዚያ ሲያንስ ከሰልም የከሰል ጠባዩን ይለውጣል።» ከዚያ ከሰል ጠብታ እንቁላል ውስጥ ያኖራሉ። ጫጩት ሊሆን የጀመረ እንቁላል። ጠብታው ባረፈበት አዲስ ደም ስር ይበቅላል፣ ሁልጊዜ ባይሆንም።

ጎረቤቴ ይህን ሁሉ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ልጅቱ ለሥራዋ እንቁላል እንደጎደላት፣ የሱቅ እንቁላል አውራ ያላየ ስለሆነ እንደማያገለግላት ስትናገር ጎረቤቴ ጣልቃ ገባች።

«የኔን አውራ ዶሮ አምጥቼ ላሳይሽ? ሥራውን ያውቃል። ከባለቤቴ ይሻላል።»

እንቁላሉን አመጣችልን፣ በገብስ ጭድ ካርቶን ውስጥ ደረደርነው። ጎረቤቴ ከምድጃ ከሰል አንስታ በእያንዳንዱ ላይ መስመር አሰመረችበት። እኛ አገር ዶሮ ስናስታቅፍ እንደዚያ ነው፤ የታቀፈችው በከሰል ይሰመርበታል፣ በኋላ የምትጥለው ከእሱ እንዳይቀላቀል። እጇ ለምዶት ነው። ልጅቱ ልትጠርገው መሐረብ አወጣች፣ ከዚያ ተወችው። ካርቶኑን ጭኗ ላይ አድርጋ በሚኒባስ ሄደች።

እሷ ከሄደች በኋላ እኔና ጎረቤቴ አብረን ተቀመጥን። ሁለታችንም አንድ ነገር እያሰብን እንደነበር ያወቅኩት ስትናገር ነው።

«አዴ ኮ፣ እንቁላል በከሰል ስናሰምር ስንት ዘመናችን ነው?»

«ከልጅነታችን።»

«አንድ እንኳ በከሰሉ የሞተ ታውቂያለሽ?»

«የለም።»

«የገብስ ጭድ ደግሞ በየደጁ ነው።»

እሷ አላስገደደችኝም። እኔም ልቤ ቀድሞ ሄዷል። ያ ሁሉ ትምህርት የተማረችው የራሴ ልጅ ልጅ ናት፣ ጭዱም የራሳችን ጭድ ነው፣ ለምን አዳማ ድረስ እጠብቃለሁ? ጭዱን በገል ላይ አቃጠልነው። በሙቀጫ ወቀጥነው፣ ባረጀ ነጠላ ነፋነው፣ ደግመን ወቀጥነው፣ ደግመን ነፋነው። በመጨረሻ እንደ ጢስ ሆኖ ሁለታችንንም አስነጠሰን።

«አሁንም ይታያል» አለች ጎረቤቴ፣ መዳፏን ወደ ብርሃን እያነሳች።

«እኔ አይታየኝም።»

«ላንቺማ ግመልም አይታይሽ።»

ፋሻውን ፈትተን ነሰነስነው፣ መልሰን ጠቀለልነው። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ። ይበቅላል እያልኩ። ትንሽ ትንሽም መንቀሳቀስ ጀመርኩ፤ እስከ ጓሮ፣ እስከ ጎረቤቴ፣ አንድ ሁለት ጊዜ እስከ ቤተ ክርስቲያን።

በቀጠሮዬ ቀን ሐኪሙ ፋሻውን ሲፈታ እጁ ቆመ። ውስጥ እግሬ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነበር። ልጁ ፊቱ ተለወጠ፤ እግሬ ከሥሩ የሞተ መስሎታል። ፋሻ አርጥቦ ቢያብሰው ጥቁሩ ተነሳና ፋሻው ላይ ቀረ። ያኔ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለና ፋሻውን አየ፣ እኔን አየ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

ጎረቤቴ አብራኝ ነበረች። «ሳይንስ ነው ዶክተር» አለችው።

አልሳቀም። ሁሉንም ነገርነው። እስክንጨርስ ሰማና ያጥብ ጀመር። ብዙ አጠበ። ከከሰሉ ሥር ቁስሉ መግል ይዞ ነበር። የእግሬ ቆዳ እየታጠበ ወደ መልኩ ተመለሰ፤ ትንሿ ጣቴ ግን ታጠበች፣ ታጠበች፣ ጥቁር ናት። ደግሞ አጠባት። እኔም ገባኝ፣ እሱም እንደገባኝ አወቀ።

«ከሰሉ ነው የገደላት?» አልኩት።

«እሷ ድሮም ደም አልነበራትም እማማ። ከሰሉ ግን ሸፈነብን፤ መግሉንም በጊዜ አላየነውም። ሁለተኛ እንዳያደርጉት።»

«አላደርግም።»

ጎረቤቴ ወደ ግድግዳው ዞራ ዓይኗን በሻሿ ጠረገች። ጣቴ ተወሰደች። አደንዝዘውኝ ስለነበር ምንም አላመመኝም፤ ከነቃሁ በኋላ ግን የሌለችው ጣት አሳከከችኝ። የማትሰማኝ የነበረችው ጣት ከሄደች በኋላ መሰማቷ ገረመኝ።

አሁን የቀረው እግሩ ነው። ሐኪሙ የደም መንገዱ እስከ የት ክፍት እንደሆነ በመሣሪያ እንዲታይ አዳማ ላከኝ። የልጅ ልጄ ተሽከርካሪ ወንበር ይዛ ጠበቀችኝ። የከሰሉን ነገር ሰምታለች። ወንበሩን ስትገፋ ከኋላዬ አፍንጫዋን ስትስብ እሰማታለሁ።

«አንቺ ምን አጠፋሽና ታለቅሻለሽ?»

«በደንብ አላስረዳሁሽማ።»

«አስረዳሽኝ። የሰማሁትን እንደመሰለኝ ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

መሣሪያው እግሬ ላይ ቀዝቃዛ ነገር እየተቀባ ነው የሚያየው። የሚያየኝ ሰውዬ ጉልበቴ አካባቢ ደህና ነው፣ ከዚያ በታች አንዱ መንገድ ተዘግቷል፣ አንዱ ይሠራል አለ። አንዱ ከሠራ ተስፋ አለው አለ። ስንወጣ ልጅቱ ወደ መኪናው በመሄድ ፈንታ ወንበሩን ወደ ትምህርት ቤቷ አዞረች።

ላብራቶሪው በር ላይ አስተማሪዋ ተቀበለን። «ይዩ እናቴ፣ ብቻ አይንኩ» አለኝ። ልጅቱ ከሞቀ ሳጥን ውስጥ እንቁላል እያወጣች ከፊቴ ደረደረችልኝ። በእያንዳንዱ አናት ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል መስኮት ተከፍታለች፣ በላይዋ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስተር ተለጥፏል። በጎናቸው የጎረቤቴ የከሰል መስመር አለ፤ ከዚያች ቅዳሜ በኋላም ደጋግማ ልካላታለች። መብራቱን አብርታ የመጀመሪያውን ወደ እኔ አዘነበለችው።

«እዚህ ላይ ያንጠባጠብኩት ውኃ ብቻ ነው» አለች።

ቀያይ ክሮች አየሁ። ጥጥ ስፈትል ከጣቴ ከሚያመልጠው ክር ይቀጥናሉ። መሐላቸው ላይ አንዲት ነጥብ ቶሎ ቶሎ ትነሳለች፣ ትወድቃለች። ልቡ ነው አለችኝ። ገና ዓይን የለውም፣ ክንፍ የለውም፣ ልብ ግን አለው።

«ይሄ ደግሞ ከሰሉ ያለበት ነው።»

ሁለተኛው ሌላ ነበር። ክሮቹ በዝተዋል፣ ቅርንጫፍ አውጥተዋል፤ ደግሞ ሁሉም ጠብታዋ ወዳረፈችበት ቦታ ያዘነብላሉ። ከላይ ሆኜ ሳያቸው የገበያ ቀን መሰለኝ። በገበያ ቀን ሰው ከየመንደሩ በየቀጭኑ መንገድ ይወጣል፤ አንዱ ከሌላው ይገጥማል፣ መንገዱ ይሰፋል፣ ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ይሄዳል። እኔ ስንቱን እንዲህ ያለ መንገድ በእግሬ አውቀዋለሁ።

ሦስተኛውን ልታልፈው ነበር፣ እኔ ጠየቅኳት። ገርጥቷል። ክሮቹ እዚህም እዚያም ተበጣጥሰዋል፣ ነጥቧም አትንቀሳቀስም።

«እዚህ ላይ መጠኑን አበዛሁት» አለች ቀስ ብላ። «ትንሹ ያበቅላል፣ ብዙው ይገድላል። ልኩ የት ላይ እንደሆነ ነው የምንፈልገው።»

«ይሄ የኔ እግር ነዋ።»

እንቁላሉን ወደ ዳር አደረገችው።

«ጫጩቶቹስ?»

«ሳይፈለፈሉ ነው የምናቆመው። ገና ሕመም በማያውቁበት ጊዜ ነው።»

እንቁላል የበላ ሰው ስለ ጫጩት አያወራም፤ ቢሆንም ያቺን ነጥብ አይቻታለሁ።

ከዚያ ልጠይቃት የመጣሁትን ጠየቅኳት። «ለኔ መቼ ይደርሳል?»

አስተማሪዋን አየችው። እሱም መልሱን ለእሷ ተወላት።

«ላንቺ ላይደርስ ይችላል እቴቴ። ከእንቁላል በኋላ አይጥ አለ፣ ከአይጥ በኋላ ሌላ አለ። ሰውነት ውስጥ ገብቶ የት እንደሚሄድ ገና አናውቅም። ደም ስር ማብቀል ራሱ ሁልጊዜ ደግ አይደለም፤ ዕጢም ደም ስር ሲያገኝ ያድጋል።»

«ማዳበሪያም ስንዴውን ብቻ አይመርጥም፣ አረሙንም ያጠግባል።»

«እንደሱ ነው።» ከዚያ ተንበርክካ የተጠቀለለውን እግሬን በሁለት እጇ ያዘችው። «ግን ያንቺም እግር ይሄን ክር በራሱ እየሞከረ ነው። እንዳየሽው ቀጭን ነው። ዝም ስትይለት ያበቅላል። ብድግ ስትዪ በሙሉ ክብደትሽ ትቆሚበታለሽ።»

ሐኪሙ አትርገጪ ያለኝ ስንት ጊዜ ነው። እሺ እያልኩ ነበር የምረግጠው። ይህን ሳይ ግን ወደ ጓሮ የወጣሁባቸው፣ ወደ ጎረቤቴ የተሻገርኩባቸው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሄድኩባቸው ጊዜዎች በሙሉ አንድ በአንድ መጡብኝ። እያንዳንዱ እርምጃ እነዚያ ቀያይ ክሮች ላይ ነበር። ወደ አሰላ ስንመለስ መኪናው ውስጥ እግሬን አንስቼ ዕቃዬ ላይ አሳረፍኩት፤ ማንም ሳያዘኝ።

ተቀመጥኩ። እንዴት እንደተቀመጥኩ እኔው አላምንም። ሐኪሙ ቁስሉን ከወለል የሚያነሳ ጫማ ሰጠኝ፣ ክራንች ሰጠኝ፤ እሱም ለሽንት ቤት ብቻ። የቀረውን ቀን አልጋዬ ጠርዝ ላይ፣ እግሬ ትራስ ላይ። መጀመሪያ ላይ የመኪና ጥሩምባ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ተነስቶ ይሄድ ነበር። ጎረቤቴ በመስኮት አንገቷን እያስገባች ትቆጣጠረኛለች።

«አለሽ አዴ ኮ?»

«የት እሄዳለሁ?»

«ያ ረቢ፣ ይሄን ቃል ካንቺ አፍ ሰማሁ። አሁን ብሞትም አይቆጨኝ።»

ከዚያ ያላሰብኩት ነገር ሆነ፤ ሰዎቹ መምጣት ጀመሩ። የኦጎልቾው ልጄ ፓፓያና ሽንኩርት ይዞ መጣ፤ ፓፓያው ለስኳር ሕመምተኛ ልክ ይሁን አይሁን ከጎረቤቴ ጋር ሲከራከሩ እሷው በላችው። እህቴ ከሲሬ መጥታ ሰነበተች። ወጥ ልትሠራልኝ ተነሳችና ጨው ፈልጋ አጣች። መደርደሪያውን፣ ሙዳዩን፣ ከአልጋ በታች ያለውን ሳጥን ሁሉ አየች። የእናቴ ልጅ ናት፣ ጨዌ የት እንደሚቀመጥ አታውቅም። ለካ ሁልጊዜ የምሄደው እኔ ስለነበርኩ እሷ እኔ ቤት መጥታ አታውቅም። «ቤት እንዳለሽም ረስቼ ነበር» አለችኝ። ጨዉን ቁጭ ብዬ በጣቴ አሳየኋት።

እርሳስና ወረቀት ያነሳሁትም በዚህ ጊዜ ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም፣ ፊደሉን ያወቅኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጽሑፌ እንደ እግሬ ይዞራል። ልጅቱ ጻፊው ብላኛለች፣ እጅ ደግሞ ሥራ ካልሰጡት እግርን ያስነሳል።

ሐኪሙ በየቀጠሮው ቁስሉን በስለት ይጠርጋል። የሞተውን ያነሳል፣ ያጥባል፣ ይጠቀልላል። እኔ ከእግሬ ይልቅ ፊቱን ነው የማየው። ለረጅም ጊዜ ፊቱ አልተለወጠም። ቁስሉ ገርጥቶ ይቀመጣል፣ ሲጠረግ አይደማም፤ እኔም ድሮ ደም ስላልመጣ ደስ ይለኝ ነበር። ደም የምፈራ ሴት ነኝ። ዶሮ ሲታረድ ፊቴን የማዞር።

ዛሬ ጠዋት ስለቱን ገና ሲያስነካው እጁን መለስ አደረገ። ጎንበስ አለ፣ መብራቱን አቀረበ።

«ምነው?» አልኩት።

«ይዩት።»

አላይም ልል ነበር፤ አየሁት። ከቁስሉ መሐል ደም ወጥቷል፣ ትናንሽ ነጥብ ነጥብ ሆኖ። በሥሩ ያለው ሥጋ ቀይ ነው፣ እንደተፈጨ በርበሬ ሸካራ። ሐኪሙ ጨርቅ ጫን አድርጎ ሲያነሳው ደሙ እንደገና ብቅ አለ።

«ይደማል» አለ። «ይሄ ሥጋ ደም እየደረሰው ነው እማማ። አዲስ ሥጋ ነው።»

«እግሬስ?»

«ስለ መቁረጥ ዛሬ አላወራም። እንዲህ ከቀጠለ ጭራሽ ላናወራ እንችላለን። ግን ቁስሉ ገና አልተዘጋም፤ መርገጥ የለም።»

ሹራቡ ላይ የደም ጠብታ ተፈናጥሮበታል። ይቅርታ አልኩት። ግድ የለም አለኝ፣ ሳይጠርገው ወደሚቀጥለው ሕመምተኛ ሄደ።

ቤት እንደደረስኩ አዳማ ደወልኩ። ልጅቱ ሥራ ላይ ነበረች መሰለኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አነሳችው።

«ደማ» አልኳት።

«ቀለሙ ምን ይመስላል?»

«ቀይ። ደማቅ ቀይ። በነጥብ በነጥብ ነው የመጣው።»

«እስቲ ድገሚልኝ እቴቴ።»

ደገምኩላት። ለአጠገቧ ሰው ስትናገር ሰማኋት፤ «የአያቴ እግር ደማ» ስትል እንደ ሠርግ ወሬ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰች።

«አሁን ቆመሽ ነው የምታወሪው?»

«ተቀምጬ ነው።»

«እውነት?»

«ጎረቤቴን ጠይቂያት፣ መስኮቱ ላይ ናት።»

ጎረቤቴ አንገቷን አስገብታ፣ «ተቀምጣለች» ብላ ወደ ስልኩ ጮኸች። «እግሯም ትራስ ላይ ነው። እኔ አለሁ፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ።»